ሰላምታው የተቆረጠ መልእክት

ሽቦው ከወንዙ ዳር በደረሰ በሦስተኛው ዓመት፥ ጥቅምት በገባ በአራተኛው ቀን፥ ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ወንዙ ከዝናቡ ወራት ሙላት ገና አልጎደለም፤ ውሃውም ቀይ አፈር ተሸክሞ በዝግታ ይወርዳል። ከወዲህኛው ዳር፥ ከጀልባው መሻገሪያ ከፍ ብሎ፥ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ቆሟል፤ በአንደኛው ክፍል የቴሌግራፉ መኪና ከነባትሪዎቹ ተቀምጧል፤ በሁለተኛው የሽቦ ቤቱ ሹም ከነአልጋውና ከነመጻሕፍቱ ይኖርበታል። ከወዲያኛው ዳር የግማሽ ቀን አቀበት አለ፤ ከአቀበቱም ጫፍ አርባ ሰው የሚጠብቀው የድንጋይ ምሽግ። የመንግሥት ምሰሶ እዚህ ላይ አልቆ ሽቦው ወንዙን ስላልተሻገረ፥ ወደ ምሽጉ የሚላከው ቃል ሁሉ የቀረችውን መንገድ በሰው እግር ይጨርሳት ነበር፤ ያም እግር የአባ አደራ ነው።

አባ አደራ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ የልደት ስሙን ከሚያውቁት መካከል በሕይወት የቀረችው አንዲት ልጁ ብቻ ናት፤ እሷም «አባዬ» ነው የምትለው። ዕድሜው ወደ ስድሳ ተጠግቷል፤ ከአባቱ የወረሰው ሥራ የቃል መልእክተኝነት ነው። ሽቦ ከመምጣቱ በፊት በዚያ አገር ባለ ጉዳይ የሆነ ሰው ነገሩን በወረቀት አያሰፍርም፤ መልእክተኛውን ከፊቱ አስቀምጦ ይነግረዋል፤ መልእክተኛውም ቃሉን ብቻ ሳይሆን አኳኋኑን ጭምር ያጠናል፤ ላኪው የት ላይ እንደ ሳለ፥ የት ላይ እንደ ተቆጣ፥ የት ላይ ቃል አጥቶ ወለሉን እንዳየ ሁሉ። ከተላከበት ሰው ዘንድ ሲደርስ ከኪሱ ጥቁር ቆብ አውጥቶ ይደፋል። ቆቡ ከራሱ ላይ እስካለ ድረስ እሱ ራሱን አይደለም፤ ላኪውን ነው፤ «እኔ» ይላል፥ ይቆጣል፥ ይለምናል፤ ተቀባዩም ከፈለገ ይሰድበዋል፥ ስድቡም ለላኪው እንጂ ለእሱ አይደለም። ቆቡን ሲያወልቅ ውሃ ለምኖ ይጠጣል፤ የመንገዱን ወሬ ያወራል፤ እንደ ማንም እንግዳ ይሆናል። «ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ፤ የአባ አደራም መተዳደሪያ ያችው አነጋገር ነበረች።

የሽቦ ቤቱ ሹም ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፥ ባለ መነጽር፥ ንጹሕና ደንብ አክባሪ ሰው ነበር፤ መኪናዋን በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውላታል፤ ሚስት ቢያገባ እንዲህ ባልተንከባከባት ይሉታል ጀልበኞቹ። ከአባ አደራ ጋር ተዋደው ይከራከሩ ነበር። ሹሙ፥ ከአገረ ገዥው ከተማ እስከዚህ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ መሆኑን፥ ሽቦው ግን ቃሉን ሰው ጫማውን አጥልቆ እስኪነሣ ድረስ እንደሚያደርሰው ይነግረዋል፤ አባ አደራም መድረሱን እንደማይክድ፥ ዳሩ ግን ደርሶ ከደጅ የሚቆም እንግዳ ገብቶ ከተቀመጠው ጋር እኩል እንዳልሆነ ይመልስለታል። ክርክሩ ሦስት ዓመት ፈጅቶ አንዳቸውም አልተረቱም፤ መረታትም አልፈለጉም።

በዚያ ዓመት አሮጌው ንጉሥ ሞተው መንግሥቱን የባላደራዎች ምክር ቤት ይዞት ነበር። ምክር ቤቱም በየጠረፉ ያሉ ምሽጎች ቁልፋቸውን ለአዲስ አዛዦች እንዲያስረክቡ አዘዘ። የዚህኛው ምሽግ አዛዥ ሻለቃ ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዓመፀኛ አልነበረም፤ ይሁንና በሌላ ጠረፍ ቁልፍ ያስረከቡ ወታደሮች በማግስቱ እግር ብረት እንደ ገቡ ሰምቶ ነበርና ስለ አርባ ሰዎቹ ፈራ። ስለዚህ እናቱ ባሏ ሞቶባት ስትቸገር እቤታቸው ወስደው ወዳሳደጉት አጎቱ፥ ወደ አገረ ገዥው፥ ምን ላድርግ ብሎ ላከ። ከአርባዎቹ መካከል አንዱ፥ የምሽጉ ጠመንጃ ጠጋኝ፥ የአባ አደራ አማች ነው፤ የልጁ ባል፥ የሁለት ሕፃናት አባት። አባ አደራ ቃል ተሸክሞ ወደዚያ አቀበት በወጣ ቁጥር የልጁን ቤትም ተሸክሞ ይወጣ ነበር።

እንግዲህ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአገረ ገዥው መልስ መጣ። ሹሙ ከመኪናይቱ እየሰማ ጻፈው፤ አባ አደራ ፊደል ስለማያውቅ ሁለት ጊዜ አነበበለት፦ «ቁልፉን እስከ ቅዳሜ ቀትር አስረክብ፤ ወታደሮችህ አይነኩም፤ መድፉ መንገድ ላይ ነው።» ዐሥራ አንድ ቃል ነበረ።

አባ አደራ ቀጣዩን ጠበቀ። ቀጣይ ሲያጣ ሌላስ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላ የለም ተባለ። ሰላምታስ ብሎ ጠየቀ፤ ሹሙም ያለው ይኸው ነው ብሎ ወረቀቱን አጥፎ በፖስታ አሸገለት።

የአባ አደራ ሙያ ለዚህም ሥርዓት ነበረው። ሰላምታ የሌለው ቃል የቁርጥ ቃል ነው፤ ላኪው ከተቀባዩ ጋር ያለውን ዝምድና ቆርጧል ማለት ነው። መልእክተኛው እንዲህ ያለውን ቃል ሲያደርስ ከደፉ አያልፍም፤ አይቀመጥም፤ ውሃ አይጠጣም፤ የተቀባዩን ፊት አያይም፤ ዓይኑን ከበሩ ጉበን ላይ ተክሎ ተናግሮ ይመለሳል። አባ አደራ በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያደረገው ሁለት ጊዜ ነው፤ በአንደኛው ሃያ ዓመት የቆየ ትዳር ፈረሰ፤ በሁለተኛው ሁለት መንደር ለዘጠኝ ዓመት ተዋጋ። ስለዚህ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ይሁን እንጂ ቃሉን ማለስለስ የእሱ ድርሻ እንዳልሆነ ያምን ነበርና ሰኞ ማለዳ ተሻግሮ አቀበቱን ወጣ።

ሻለቃው የአጎቱ ቃል መጣ ሲሉት ከክፍሉ ወጥቶ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጣ። አባ አደራ ግን ከደፉ ወዲያ ቆመ፤ ቆቡን ደፋ፤ ፖስታውን ከደፉ ላይ አኑሮ፥ ጉበኑን እያየ ዐሥራ አንዱን ቃል ተናገረ። የሻለቃውን ፊት ባያይም እስትንፋሱን ሰማ፤ ሰውየው ሰላምታው ይከተላል ብሎ ጥቂት ጠብቆ ነበር። ከዚያ በኋላ መልስ እንደሌለው፥ ከእንግዲህም ከወንዙ ማዶ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ሳይከፈት እንዲመለስ ለበረኛው ነገረው። አማቹ እስከ በሩ ሸኘው። በሩ ሲዘጋ ከውስጥ ድንጋይ ሲደረደርበት እየሰማ ቁልቁል ወረደ።

ማክሰኞ ጠዋት ልጁ እስከ ሽቦ ቤቱ ድረስ ተከትላው መጥታ ምን አልሃቸው ብላ ለመነችው፤ ያደረሰውን ቃል ለሦስተኛ ሰው መናገር በሙያው ነውር ስለሆነ፥ ቤቷ ሄዳ ልጆቿን እንድትጠብቅ ብቻ ነገራት። እሷ ስትመለስ ጀርባዋ እስኪሰወር ቆሞ አያት። ከዚያም ማድረሱን ለማስመዝገብ ወደ ሹሙ ገባ፤ ሹሙም መዝገቡን እየጻፈ፥ ለወሬ ያህል፥ በአገረ ገዥው ከተማ ያለው ባልደረባው ስላጫወተው ነገር አነሣ፤ አገረ ገዥው ለእኅታቸው ልጅ አንድ ሙሉ ገጽ አጽፈው ኖሯል፤ ባልደረባው ያን ሁሉ ቆርጦ ዐሥራ አንድ ሲያደርሰው እጁ ዛለ።

አባ አደራ ከባትሪው ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። «ቆርጦ ማለት?» አለ።

«ደንቡ ነዋ። ንጉሡ ከሞቱ ወዲህ ሽቦው ተጨናንቋል፤ ሰላምታና የቤተሰብ ወሬ አይተላለፍም። ትእዛዙ ወር ሙሉ እዚህ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር እኮ፤ ያውልዎት።»

አባ አደራ በየቀኑ ትከሻው እየታከከው ያለፈውን ያን ወረቀት ቀና ብሎ አየው። «ልጄ፥ እሑድ ዕለት ሰላምታስ ብዬህ ነበር።»

«አዎን፤ አለ ወይ አሉኝ፥ የለም አልሁ። ተቆርጧል ወይ ቢሉኝ ተቆርጧል እልዎት ነበር።» ሹሙ ይህን ብሎ ቀና ሲል የአባ አደራን ፊት አየ፤ ብዕሩንም አስቀመጠ። «ምን ሆኑ? ምን አድርገው አደረሱት?»

አባ አደራ ነገሩን ሁሉ ነገረው፤ ቃሉንም ቆቡንም ጉበኑንም። ሹሙ ደንብ አክባሪ ነው እንጂ ክፉ አልነበረም፤ ደነገጠ፤ ወዲያው መኪናዋን አንኳኩቶ የተቆረጠው ገጽ እንዲላክለት ጠየቀ፤ የመጣለት መልስ ደንቡ አይፈቅድም የሚል ነበር። ቢፈቅድስ ምን ዋጋ አለው፤ ሻለቃው ወረቀት አይቀበልም፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቅዳሜ ቀትር ሊደርስ አራት ቀን ቀርቷል፤ መድፉም ከአገረ ገዥው ከተማ ወዲህ ካለው ጣቢያ ደርሶ ሰፍሯል። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። አባ አደራ የጫማውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ ሹሙ የአገረ ገዥው በረኞች እንዳያጉላሉት መምጣቱን ቀድሞ በሽቦ አስታወቀለት፤ በዚያች ሰዓት ማን ማንን እንደ ረታ ያነሣ አልነበረም።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ከአገረ ገዥው ቤት ደረሰ። ደጁ ላይ የምክር ቤቱ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል፤ አገረ ገዥው የእኅታቸው ልጅ ነገር ስላስጠረጠራቸው ከከተማ እንዳይወጡ ታግደው ነበር። በትንሽዋ የጽሕፈት ክፍላቸው ተቀምጠው፥ ያላነበቡት ወረቀት ከፊታቸው ተዘርግቶ አገኛቸው። አባ አደራ ቆቡን በእጁ ይዞ ስሕተቱን ተናዘዘ። አገረ ገዥው በመጀመሪያ በሽቦው ተቆጡ፥ በምክር ቤቱ ተቆጡ፥ በሻለቃው ተቆጡ፤ በመጨረሻ ሲደክማቸው ወንበር ስበው ጉልበታቸው ጉልበቱን እስኪነካ ድረስ ከፊቱ ተቀመጡና እንደ ዱሮው ተናገሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲጨርሱ ልድገምልዎት ወይ አላቸው፤ እሳቸውም ሁለተኛ ለመስማት አቅም እንደሌላቸው ነግረው አሰናበቱት።

በመልሱ መንገድ አባ አደራን አንድ ፈተና ገጠመው። የአገረ ገዥው ቃል ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ስድብም ነበረበት፥ ያውም መራራ ስድብ። ስድቡን ትቶ ፍቅሩን ብቻ ቢያደርስስ? አንድ ጊዜ አበላሽቷል፤ አማቹ ከዚያ በር ወዲያ ነው፤ ልጁ ደጅ ደጁን ታያለች፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ስድብ ጨምረውለት ቁልፍ አይሰጥም። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ፤ እግሩ አብጧል፤ አንዳንዱን ቃል ጮክ ብሎ እየተለማመደ ይቆርጠዋል፥ መልሶ ይቀጥለዋል። ማታ ከወንዙ ሲደርስ ቆርጦ የላከው ሽቦ ያደረገውን አሰበና እሱም ደግሞ ሁለተኛ ቆራጭ ሊሆን መሆኑን አይቶ አፈረ። እንዳለ ሊያደርሰው ወሰነ፤ ፈርቶ ነው የወሰነው።

ዓርብ ቀትር ላይ ከምሽጉ በር ቆመ። ወረቀት እንዳልያዘ ለማሳየት እጆቹን ዘርግቶ ነበር። ድንጋዩ ከበሩ ሥር እስኪነሣ ጥቂት ቆየ፤ የከፈተለት አማቹ ነው፤ በአራት ቀን ውስጥ ጉንጩ ገብቷል። ሻለቃው በዚያው በረንዳ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ወንበር አላስወጣም።

አባ አደራ ደፉን አለፈ፤ ራሱን ገልጦ ቆመ። «ጌታዬ፥ በራሴ አፍ ልናገር» አለ። «ሰኞ ዕለት በዚህ ቆብ ሥር ያመጣሁት ፊት የአጎትዎ አልነበረም፤ የእኔ ነው። ሽቦው ሰላምታቸውን ቆርጦት ነበር፤ እኔ እሳቸው የቆረጡ መሰለኝ። ሳላየው ፊት ሠራሁላቸው።»

በምሽጉ ቅጥር ውስጥ አርባው ሰው ሰማው። መልእክተኛ በዚህ ዓይነት ስሕተቱን ካመነ፥ የያዘውን ቃል አድርሶ ከዚያ በኋላ ቆብ ሊደፋ እንደማይችል የማያውቅ በመካከላቸው አልነበረም።

ሻለቃው ቀስ ብሎ፥ «ያኔም ቆብ አድርገህ ነበር፤ አምኜህ ነበር። የዛሬውን በምን ልመን?» አለው።

«አይመኑኝ። ይስሙና ይፍረዱ። ከዚህ በኋላ አልደፋውም።»

ቆቡንም ደፋ። ትከሻው ወረደ፤ አንገቱ ወደ ግራ ዘመም አለ፤ ድምፁ ሲወጣ የጎረነነና የተቆጣ የሽማግሌ ድምፅ ነበር። «አንተ ግትር። እንደ ሞተው አባትህ ግትር። ጥርስህ ሳይወጣ ከጭኔ ላይ ያሳደግሁህ ሰውዬ፥ ከዐሥራ አንድ ቃል ሌላ የምልህ ያለቀብኝ መሰለህ? ዕድሜ ልክህን አላስወራ ብዬህ አልነበር? ደንቆሮ ነህ። ሰላምታዬ ባይደርስህ ምነው አጎቴ ታመመ እንዴ አትልም? በር ዘግተህ ድንጋይ ትደረድራለህ?»

ስድቡ ለረዥም ጊዜ ወረደ። ወታደሮቹ መሬት መሬት አዩ። ሻለቃው ግን አንድ እጁን ከአፉ ላይ አድርጎ ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ በመጀመሪያ ያለቀሰ መሰላቸው፤ ኋላ ግን እየሳቀ መሆኑን አዩ፤ ምክንያቱም ሊያባብለው የመጣ አስታራቂ እንዲህ አድርጎ እንደማይሰድበው፥ በዓለም ላይ «አልነበር» የምትለዋን ቃል እንዲህ የሚጎትታት አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

«እናትህ ደኅና ናት» አለ ያ ድምፅ፥ አሁን ዝቅ ብሎ። «ጉልበቷን ያማታል፤ አንተን ስትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም። መድፉን የላክሁት እኔ አይደለሁም፤ እስከ ቅዳሜ ለምኜ ያቆምሁት እኔ ነኝ። የአርባውን ሰው ስም ከምክር ቤቱ ፊት አስነብቤ በራሴ ዋስ ሆኛለሁ፤ ከእነሱ አንዱ ቢታሰር አብሬው እታሰራለሁ። ደግሞ… ፈርቻለሁ፥ ልጄ።»

እዚህ ላይ አገረ ገዥው ወለሉን አይተው ዝም ብለው ነበር፤ አባ አደራም ወለሉን አይቶ ያንኑ ያህል ጊዜ ዝም አለ።

ሻለቃው ከበረንዳው ወርዶ ከፊቱ ቆመና፥ «አጎቴ፥ እኔም ፈርቼ ነበር» አለው። ከዚያም ገብቶ ቁልፎቹን አመጣ።

አባ አደራ ቆቡን አውልቆ በበረንዳው ጠረጴዛ ላይ ተወው፤ ውሃ ለምኖ ጠጣ። ሻለቃው ቁልፉ መሰጠቱን በአጭር ወረቀት ጽፎ ፈጣኑን ፈረስ ሰጠው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙን ተሻገረ፤ ሹሙም ወረቀቱን ተቀብሎ እንደ ዝናብ አንኳኳው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መድፈኞቹ ካሉበት ቆሙ፥ በማግስቱም ተመለሱ። በእግር ቢሆን ኖሮ ያ ቃል ከተማ ደርሶ ለመድፈኞቹ ትእዛዝ የሚመለሰው መድፉ ከተተኮሰ በኋላ ነበር፤ ይህን አባ አደራ ራሱ ለሹሙ ነገረው፥ ሳይጠይቀው። አማቹ እሑድ ወደ ቤቱ ወረደ። ልጁ አባቷን ምን ብለህ አስከፈትሃቸው ስትለው ረስቼዋለሁ አላት፤ እውነቱን ነበር፤ ያደረሱትን ቃል መርሳት ከሙያው ሁሉ ቀድሞ የተማረው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ሞቱ ባሉት ሃያ ሁለት ዓመታት በሽቦ ቤቱ ፖስታ እያደረሰ ኖረ፤ ወረቀቱን ይሰጣል፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፥ ይሄዳል።

ታሪክ ይህን ነገር አልረሳውም፤ እንዲያውም በሚገባ አስታውሶታል። ዐሥራ አንዱ ቃል የተጻፈበት ወረቀት በመዝገብ ቤት በመስታወት ሥር ተቀምጧል፤ በሥሩም በዚህ አጭር ቴሌግራም የአርባ ሰው ደም ሳይፈስ ምሽጉ እንደ ተሰጠ፥ አዲሱ ጥበብ ለአገር ሰላም ያበረከተው የመጀመሪያ አገልግሎት እንደሆነ ተጽፏል። የትምህርት ቤት ልጆች የቃሉን ማጠር ያደንቃሉ። የአገረ ገዥው ሙሉ ገጽ በቆራጩ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ጠፋ፤ በወንበር ላይ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው የተናገሩትን ደግሞ የጻፈው ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ ብቻ አንድ የታሪክ ጸሐፊ ያን ዘመን ሊመረምር ወደ ሻለቃው ቤት መጣ። ሻለቃው አርጅተው ዓይናቸው ፈዝዞ ነበር፤ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወሩለት፤ ስድቡን እንኳ አልተዉትም፤ ሲናገሩትም አንገታቸው ወደ ግራ ዘመም ይል ነበር። ጸሐፊው በትዕግሥትና በአክብሮት ሰማቸው፤ ከዚያም ለዚህ ሁሉ የጽሑፍ ማስረጃ ይኖርዎት እንደሆነ ብሎ ጠየቃቸው።

«ማስረጃ ነበረኝ፤ ካቻምና ቀበርነው» አሉት።

ጸሐፊው አመስግኗቸው ተነሣ፤ በመንገዱም ወደ መዝገብ ቤት ጎራ ብሎ ዐሥራ አንዱን ቃል በደብተሩ ገለበጠ።